ሰባተኛ ረድፍ፣ አሥራ አንደኛ ሰሌዳ

አባቴ ሥራው ወለል መዘርጋት ነበር። እንዲህ ስል ብዙ ሰው ምንጣፍ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ላስረዳ።

በከተማው መሀል፣ አውቶቡሶቹ ሁሉ ሰው በሚያራግፉበት አደባባይ ላይ፣ መስኮት የሌለው ክብ አዳራሽ አለ። ዓርብ ማታ ዘፋኝ ይዘፍንበታል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቅርጫት ኳስ ይጫወቱበታል፣ በሳምንቱ መካከል ቦክስ ወይም የተማሪዎች ምረቃ ይሆንበታል። መሬቱ ሲሚንቶ ነው። ለኳስ ቀን ሲሚንቶው ላይ የእንጨት ወለል ይነጠፋል፤ ለዘፈን ቀን ይነሳል። ወለሉ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ሰሌዳ ነው፦ አሥራ ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ አሥራ ስምንት። ይህንን ማንም አልነገረኝም፤ ስምንት ዓመቴ ላይ ራሴ ቆጥሬ ነው ያወቅኩት።

ሰሌዳ የምንለው ሁለት ሰው የሚሸከመው ሰፊ የጣውላ ቁራጭ ነው። ጠርዙ ላይ ባለች ቀዳዳ ቁልፍ አስገብተው ሲያዞሩት ከጎረቤቱ ጋር በመቀርቀሪያ ይያያዛል። አንዱ መቀርቀሪያ በደንብ ካልገባ በዓይን አይታወቅም። ሰሌዳው እንደ ጓደኞቹ ዝም ብሎ ይተኛል። ዘሎ የወረደ ተጫዋች ሲያርፍበት ግን የጥፍር ውፍረት ያህል ብድግ ይላል፤ ቁርጭምጭሚት ለመስበር ያ ይበቃል። ስለዚህ ከጨዋታ በፊት የወለሉ ኃላፊ፣ ማለትም አባቴ፣ በእንጨት መዶሻ እያንዳንዱን ሰሌዳ እየመታ ያልፋል። የተቆለፈው «ዱብ» ብሎ ያበቃል። ያልተቆለፈው «ዱብ» ይልና ከኋላው አንዲት ቀጭን «ጠቅ» ያስከትላል።

ጠቅታዋን መስማት የእኔ ሥራ ነበር።

«ጨዋታ እንጫወት፣ ሚጡ» አለኝ በመጀመሪያው ቅዳሜ። ጉንጬን በሚሻክር እጁ ይዞ ወደ ፊቱ አዞረኝ። «እኔ እመታለሁ። አንቺ ፊት ለፊቴ ትቆሚያለሽ። ሁለት ድምፅ ከሰማሽ እጅሽን ታነሻለሽ። አንድ ከሆነ ዝም።»

«አንተስ?»

«እኔማ አውቀዋለሁ። አንቺ ማወቅሽን ነው የማየው።»

ስለዚህ ፈተና ነው ብዬ ያዝኩት። አባቴ መዶሻውን ባሳረፈ ቁጥር ሰሌዳውን አያይም፤ የሚያየው እኔን ነበር። ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ጊዜ ፊቴን ያየኛል። አስተማሪዬ እንኳ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። እጄን ሳነሳ ይንበረከካል፣ ቁልፉን ያስገባል፣ ያዞራል፣ እንደገና ይመታል፣ እንደገና ያየኛል። ሲጨርስ «ጎበዝ» ይለኛል። በየሳምንቱ ፈተናውን አልፍ ነበር።

አዳራሹ ቅዳሜ ጠዋት የተደፋ ለስላሳ መጠጥና የረጠበ ካርቶን ይሸታል። ከዓርብ ማታ ዘፈን የተረፈው የብር ወረቀት ከጣሪያው አንድ አንድ እያለ ይወርዳል። ሠራተኞቹ መድረኩን ሲያነሱ ያደሩ ናቸው፤ ሰሌዳውን አንጥፈው ሲጨርሱ ወንበሮቹ ላይ እንደተወረወረ ካፖርት ተዘርግተው ይተኛሉ። ነቅቶ የሚቀረው መሰላል ብቻ ነው። መሰላል ማለት የመብራት ሠራተኛው ነው፤ ረጅም ስለሆነና ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ ስለሚውል ስሙ ሁለት ጊዜ ይገባዋል ይሉታል።

«ጋሼ!» ይላል ከላይ። «ማታ የነበረው ዘፋኝ ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹ድምፄን ጨምሩልኝ!› የምን ድምፅ? ድምፅ ቢኖረው አይደል የሚጨመርለት!»

የነቃ ሰው ካለ ይስቃል። አባቴም ይስቃል፤ የእሱ ሳቅ ግን ሁልጊዜ ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ቀልዱን እንደ ከረሜላ አፉ ውስጥ አቆይቶ የሚያጣጥመው ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ መጀመሪያ የሌሎቹን ትከሻ ያያል። ትከሻቸው ከተንቀጠቀጠ ይስቃል።

ቤታችን ከአዳራሹ በአውቶቡስ ሦስት ፌርማታ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሁለት ክፍል። እናቴ እዚያው ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። እናቴ ትጮኻለች። የልጅነት ቤቴን አስታውሺ ቢሉኝ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ይህ ነው። የስፌት መኪናው ድንገት ቀጥ ይላል፣ ከዚያ የእናቴ ድምፅ ይነሳል፦ «ራትህ ቀረበ! ስማኝ እንጂ! ራትህ ቀረበ ነው የምልህ!» አባቴ ዝም ይላል። እሷ ተነስታ ፊቱ ትቆማለች፣ ያንኑ ትደግማለች፣ እሱ «እሺ» ይላል በለስላሳ ድምፅ። አንድም ቀን መልሶ ጮሆባት አያውቅም። ደረጃው ላይ ጎረቤቶቻችን «ምስኪን ባል» ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔም በልቤ እንደዚያው እል ነበር። ቤታችን ውስጥ አንድ ተቆጪ፣ አንድ ታጋሽ አለ፤ እኔ ከታጋሹ ወገን ነኝ።

ጆሮው የደከመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የራሱን ድምፅ ከፍ ያደርጋል፤ በዚያ ነው ቶሎ የሚነቃበት። አባቴ ይህንን ያውቅ ነበር። ለስላሳነቱ ጥንቃቄ ነው። ይህ የገባኝ ግን በሃያ ዓመቴ፣ ኮሌጅ ገብቼ ነው።

ስምንት ዓመት በሆነኝ በዚያ ዓመት ግን፣ አንድ ቅዳሜ ትኩሳት ይዞኝ ቀረሁ። አባቴ ብቻውን ሄደ። ማታ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል። አንድ እንግዳ ተጫዋች ወለሉ ላይ ተደናቅፎ ወድቋል፤ አልተጎዳም፣ ግን ተናግሯል። በሚቀጥለው ዓርብ አባቴ ከዘፈኑ አምሽቶ ሲገባ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። ግድግዳው ለእናቴ ድምፅ ምንም አይደለም። የአባቴ መልስ ግን ጨርሶ አይደርሰኝም።

«አየኸው አይደል እሷ ስትታመም የሆነውን!»

ዝምታ።

«ጉልበትህ አልቋል! ሌሊት ስትገላበጥ ታቃስታለህ! ሲንበረከክ የሚውል ሰው ምን ይተርፈዋል? ደግሞ ልጅቷን አሸክመሃታል! የስምንት ዓመት ልጅ! ብትሳሳትስ?»

ዝምታ።

«ወለሉን ይነጥቁኛል ትላለህ! ይንጠቁህ! ካልነገርካቸው እኔ ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ!»

ጨለማው ውስጥ የሰማሁትን አንድ በአንድ ደረደርኩት። ምንም አልተሸከምኩም፤ መዶሻውን እንኳ የሚይዘው እሱ ነው። ስለዚህ ያ ውሸት ነው፣ እናቴ ቅዳሜዬን ልትወስድብኝ የፈጠረችው። አባቴ ወለሉን ሊነጠቅ ይችላል፤ ያ እውነት ይመስላል፣ ምክንያቱን ግን አላወቅኩም። የጉልበቱ ነገር እርግጥ ነው። ከመታመሜ በፊት በነበረው ቅዳሜ አሥራ አራት ጊዜ እጄን አንስቻለሁ። አሥራ አራት ጊዜ ተንበርክኳል። በመጨረሻዎቹ ላይ የተመልካች ወንበር ጠርዝ ይዞ ነበር የሚነሳው። ታዲያ ጉልበቱን የሚጨርሰው ማነው? እኔ ነኝ፤ እጄ ነው።

አንድ ጊዜ ላሳርፈው ወሰንኩ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በጣም ሲደክመው።

በማግስቱ የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ መጣች። በወጣትነቷ ራሷ ኳስ ተጫዋች የነበረች፣ ረጅም፣ ቀኝ እግሯን ትንሽ የምትጎትት ሴት ናት። ቅዳሜ ጠዋት አይተናት አናውቅም። የወረቀት ብርጭቆ ይዛ የመጀመሪያው ተራ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

«ጋሼ፣ እኔ እንደሌለሁ ያድርጉትና ሥራዎን ይሥሩ» አለች።

«አይ አለመኖር!» አለ መሰላል ከላይ። «እርስዎ ሲመጡኮ አምፖሉ ራሱ ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው።»

«አንተ የማታውን አምፖል መጀመሪያ ቀይር።»

አባቴ ሁለቱንም አይቶ ፈገግ አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ጀመርን።

የመጀመሪያው ረድፍ ንጹሕ ነበር። በሁለተኛው ሁለት፣ በአራተኛው ሦስት ተገኙ። ስድስተኛው መጨረሻ ላይ ሲደርስ ዘጠኝ ጊዜ ተንበርክኮ ነበር። በዘጠነኛው ጊዜ ሲነሳ ጉልበቱ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ከንፈሩን ነክሶ ለአፍታ ዓይኑን ጨፈነ። ሰባተኛው ረድፍ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አሥረኛው ደህና ነው። አሥራ አንደኛውን መታ።

ዱብ። ጠቅ።

አየኝ። እጄን ከጭኔ ጋር አጣበቅኩት። ላቡ ከግንባሩ ወርዶ ቅንድቡ ላይ ቆሟል። ዓይኑ ፊቴ ላይ ከወትሮው ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወደ አሥራ ሁለተኛው ተራመደ።

«ያቺን ይድገሟት፣ ጋሼ» አለች ሥራ አስኪያጇ።

አልዞረም። እኔ በእጄ ስጠቁመው ዞረ። ጣቷን ወደ ሰሌዳው ቀስራ ነበር። ተመልሶ መታ።

ዱብ። ጠቅ።

አሁንም አየኝ። አሁንማ ከበደኝ። ግን አንዴ ወስኛለሁ፤ ሴትየዋ ፊት ባነሳው ደግሞ ቅድም ዝም ያልኩት ሊታወቅብኝ ነው። አላነሳሁም።

«ደህና ነው» አለ አባቴ።

ሥራ አስኪያጇ ብርጭቆዋን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ተነሳች። እኔን አየችኝ፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ እግሯን እየጎተተች በአባቴ ጀርባ ዞረችና ሁለት እርምጃ ያህል ርቃ ቆመች። በመደበኛ ድምፅ፣ ጮክም ዝግም ሳትል፣ «ጋሼ፣ ሥራውን ያቁሙ» አለች።

አባቴ አሥራ ሁለተኛውን መታ።

«ጋሼ፣ ያቁሙ እኮ ነው የምልዎ።»

አሥራ ሦስተኛውን መታ።

ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ! የአዳራሹ አለቃ «አቁም» ስትለው አባቴ ዞር ብሎ እንኳ አላያትም። እናቴን ዝም እንደሚላት እሷንም ዝም አላት። መሰላል ከላይ ሥራውን አቆመ። መብራቱን ፈትቶ በእጁ እንደያዘ ወደ ታች ያይ ነበር፤ ያ ሁሉ ቀልዱ የት እንደገባ እንጃ።

እኔ ዛሬ የጆሮ ምርመራ ባለሙያ ነኝ። ከታካሚ ጀርባ ሁለት እርምጃ ርቆ መቆም፣ በመደበኛ ድምፅ መናገር፣ መልሱን መጠበቅ፣ ይህንን በሳምንት ሠላሳ ጊዜ አደርገዋለሁ። መሣሪያ በሌለበት ቦታ ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም። ሴትየዋ ማን እንዳስተማራት አላውቅም። በትክክል ነው የሠራችው።

ትከሻውን ነካችው። ዞረ። ፊቷን ፊቱ ላይ አድርጋ፣ «ሲጨርሱ ቢሮ ይምጡ» አለችው። ሄደች። ብርጭቆዋ እዚያው ቀረ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አባቴ ወደ ወንበር ክፍል ተዛወረ። የወንበር ክፍል ማለት ከተመልካቹ መቀመጫ ሥር ያለ፣ አራት ሺህ ታጣፊ ወንበር የተደረደረበት ጎተራ ነው። ሥራው ማውጣትና መመለስ ነው። ጡረታ እስኪወጣ እዚያው ቆየ። ወለሉን ለሌላ ሰጡት። የእኔም ቅዳሜ አበቃ።

ማን እንዳስነጠቀው ለማወቅ ብዙ አላሰብኩም። «እኔ ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ» ያለችው ማን ናት?

ስለዚህ እናቴን ቀጣኋት። አባቴ የሚያደርገውን አየሁና እኔም እንደዚያው አደረግኩ። ስትጠራኝ አልመልስም። ከኋላዬ ስትናገር አልዞርም። ፊቴ መጥታ ስትቆም ብቻ በለስላሳ ድምፅ «እሺ» እላለሁ። በአራተኛው ቀን መኪናው ቀጥ አለ። እናቴ ወደ እኔ ስትመጣ ሰማሁ፤ መምጣቷን እያወቅኩ አልዞርኩም። ከጭንቅላቴ ኋላ በሁለት እጇ አጨበጨበች። ዓይኔን እንኳ አላርገበገብኩም። በራሴ በጣም ኮራሁ።

በማግስቱ ሥራዋን ትታ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። አንድ ሽማግሌ ሐኪም ጆሮ ማዳመጫ አደረገልኝና «ድምፅ ስትሰሚ እጅሽን አንሺ» አለኝ። ይህንን ጨዋታ ከማንም በላይ እችለዋለሁ፤ ጉራዬን መያዝ አቃተኝና አንዷንም ሳላስቀር አነሳሁ። ሐኪሙ ወጥቶ ለእናቴ ነገራት። «የልጅቷ ጆሮ ፍጹም ጤነኛ ነው፤ የሚያስቸግራት ሌላ ነው» ሲላት በበሩ ቀዳዳ አየኋት። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አለችና በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ስለረታኋት ተናዳ መሰለኝ።

አንዲት ሴት የባሏን ጆሮ አዳራሹ ወስዶባት፣ የልጇንም የወሰደባት መስሏት አራት ቀን ስትኖር ምን እንደምትመስል አሁን አውቃለሁ። እንደዚያ ያሉ እናቶች በየሳምንቱ ክፍሌ ይመጣሉ። ያን ዕለት ግን ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ላይ እጄን ስትይዘኝ አወጣሁት።

ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ ለብዙ ዓመት በትልቅ ድምፅ አጠገብ የሠራ ሰው ጆሮ ቀድሞ የሚያጣው ቀጫጭኑን ድምፅ እንደሆነ ተማርን። ወፍራሙ ይቀራል። ዱብ ይቀራል፤ ጠቅ ይሄዳል። ደብተሬ ላይ ይህንን ጻፍኩና እርሳሴን አስቀመጥኩ። አባቴ ዓርብ ዓርብ፣ መድረኩ ድንገት ቢላቀቅ ለማጥበቅ ተብሎ፣ ከድምፅ ማጉያው ሥር ነበር ቆሞ የሚያመሸው። አሥራ ሰባት ዓመት። ቤት ሄጄ የእናቴን ጩኸት እንደ አዲስ አዳመጥኩት፦ «ራትህ ቀረበ!» ከ«ራትህ ቀረበ» ሌላ ምንም አልነበረበትም። እናቴን ግን ይቅርታ አልጠየቅኩም። የት ይጀመራል? ዓመቱ እየተጎተተ ሄደ።

ባለፈው ወር አባቴ በመጨረሻ ለመመርመር እሺ አለ። ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው። እናቴ ክንዱን ይዛ አመጣችው። የቀኑ አሥራ አንደኛ ታካሚዬ ነበር፤ እግሬ ጫማዬ ውስጥ አብጧል፣ እነሱም ደረጃውን ሲወጡ ሁለት ጊዜ አርፈዋል። መስታወት ባለው ክፍል አስቀመጥኩት። የሚጫን አዝራር አለን፤ አባቴ ግን «እጄን ነው የማነሳው» አለ። በመስታወቱ ማዶ ተቀምጬ የመጀመሪያውን ድምፅ ላክሁ። እጁን አነሳ። ሁለተኛውን ላክሁ። አነሳ። በጣም ቀጭኑን ላክሁ፤ በእሱ ዕድሜ ጤነኛ ጆሮ እንኳ የማይሰማውን። አነሳ።

ፊቴን ነበር የሚያየው።

ተነስቼ ገባሁ። ማዳመጫውን ከጆሮው አወረድኩና እንዲያየኝ ተጎንብሼ ቀስ ብዬ ተናገርኩ። «አባዬ፣ እኔን እያየህ አይሆንም።»

«ለምዶብኝ ነው» አለ። ፈገግ አለ፤ ጥርሶቹ ቀንሰዋል።

ከዚያ፣ ሳላስበው፣ አወጣሁት። «ያን ዕለት ሁለት ድምፅ ነበር። ሰባተኛ ረድፍ፣ አሥራ አንደኛው። ሰምቼው ነው እጄን ያላነሳሁት። ጉልበትህ እንዲያርፍ ብዬ።»

ከንፈሬን ተከትሎ እስኪጨርስ ጠበቅኩት።

«አውቃለሁ» አለ።

«እንዴት ታውቃለህ? አልሰማኸውም።»

«እጅሽን መች አይቼ አውቃለሁ? ፊትሽን ነበር የማየው። ጠቅ ስትል ቅንድብሽ ብድግ ትላለች፣ ከእጅሽ በፊት። ያን ዕለትም ብድግ ብላ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ደህና ነው አልካት?»

ጉልበቱን በሁለት እጁ አሻሸ። «ምን ልበላት? ልጄ ዋሸችኝ ልበላት?» አለ። ከዚያ ወለል ሠሪነቱ መጣበት መሰለኝ፣ «ቢሮ ከመሄዴ በፊት ተመልሼ ቆልፌዋለሁ» ብሎ ጨመረ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። «ለአዳራሹ የነገርኩት እኔ መስሏት ነው የኖረችው» አለች፤ ለእሱ ይሁን ለእኔ እንጃ። «ጫማዬን አጥልቄ በሩ ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ትመልሽልኝ ነበር?»

ይህንን እንኳ ጮክ ብላ ነው ያለችው፤ ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ዞረው አዩን። ማዳመጫውን ለአባቴ መልሼ አደረግኩለትና ወጣሁ። ወንበር ሳብኩላትና በመስታወቱ ውስጥ እሱን እንድታይ አስቀመጥኳት። የእኔን ወንበር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። እንዲህ አይሠራም፤ የሥራ ባልደረቦቼ ቢያዩኝ ይስቁብኛል።

«እማዬ፣ እኔ ድምፅ በላክሁ ቁጥር ‹አሁን› እላለሁ። እጁን ካነሳ ንገሪኝ።»

«እሺ።»

ከቀጭኑ ጀመርኩ። «አሁን» አልኩ።

«አላነሳም!»

«ቀስ በይ፣ አጠገብሽ ነኝ። አሁን።»

«አላነሳም!»

ከግድግዳው ላይ የተላጠ ቀለም እያየሁ ቁጥሩን መዘገብኩ። ድምፁን ጨመርኩ። «አሁን።»

«አላነሳም!» አለች እናቴ፤ ድምፅዋ ሻክሯል፣ ደክሟል፣ ግን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል።

«አሁን።»